ጨው የሌለው ንፍሮ

ልጄ ስድስት ወር የሞላት ሰሞን ላስመዝናት ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ነርሷ ሚዛኑን አይታ ካርዱ ላይ ከጻፈች በኋላ ሦስት ነገር ነገረችኝ። ከአጥሚቱ ጎን ለጎን በእጇ የምትይዘው ምግብ ስጫት፤ በሁለት ጣትሽ ስትጫኚው የሚፈርስ ይሁን። ራሷ አንስታ ትብላ እንጂ አፏ ውስጥ አትክተቺባት፤ እንዳያንቃት። ጨው ዓመት እስኪሞላት እንዳታስቀምሻት። ይህን ብላ ቀጣዩን ተረኛ ጠራች።

ሴትየዋ ምክር ነው የሰጠችኝ። እኔ ግን ወደ ቤት ስመለስ ሕግ አድርጌው ነበር። አምቦ ከተማ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ዶሴ ከቦታው ዝንፍ ሲል የሚያመኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ የሚያስተምረው ወንጪ በኩል ስለሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤቱን የምገዛው ብቻዬን ነበር፤ የሚከራከረኝ አልነበረም። ስልኬ ላይ የውጭ አገር እናቶች ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያስለምዱ ማየት ጀመርኩ። አበባ የሚመስል አረንጓዴ ነገር ቀቅለው ከፊታቸው ይደረድሩላቸዋል። ያንን ነገር ገበያ ሄጄ ስጠይቅ ባለጎመኗ ስልኬን ተቀብላ አየችውና ከት ብላ ሳቀችብኝ። ብዙም ሳይቆይ ኢንተርኔቱ ተዘጋ፤ ያን ጊዜ በእኛ በኩል መዘጋቱ የተለመደ ነበር። እኔም ትምህርቴ በእንጥልጥል ቀርቶ ካሮት፣ ድንችና ሙዝ ይዤ ቀረሁ።

አባቴ ወደ ቤቴ የመጣው ልጄ ስምንት ወር ሲሆናት ነው። ጊንጪ አንድ እህል ቤት ውስጥ ዕድሜውን በሙሉ ሚዛን ላይ የሠራ ሰው ነው። እህልን የሚያውቀው በጥርሱ ነበር። ገበሬው ጆንያውን ሲያወርድ አባቴ አንዲት ፍሬ አንስቶ በፊት ጥርሱ ይነክሳል፤ ጠብ ካለች ደረቅ ነው፣ ለስለስ ካለች እርጥብ ነው። ነጋዴው ዋጋ የሚቆርጠው የአባቴን ንክሻ ሰምቶ ነበር፤ ከአባቴ ጥርስ በላይ የሚታመን ነገር በዚያ ቤት አልነበረም።

በሽታው የገባው በጉሮሮው ነው። መጀመሪያ እንጀራው አልወርድ አለው፤ ከዚያ ፍትፍቱ፤ ከዚያ በውሃ የራሰ ዳቦ። አዲስ አበባ ወስደን አስመረመርነው። ሐኪሙ እኔን ብቻ ወደ ውጭ ጠርቶ አነጋገረኝ፤ ሲጠራኝ ነው የገባኝ። ስንመለስ እሱን ጊንጪ ብቻውን ማውረድ አልሆነልኝምና አምቦ ቤቴ ይዤው አለፍኩ። እናቴ እኔ ገና ሳልጠና ነው ያረፈችው፤ ከዚያ ወዲህ ያለነው ሁለታችን ነን።

አልጋውን ሳሎን ውስጥ በመስኮቱ ሥር ዘረጋሁለት፤ ቢሮ ስውል ሁለቱን የምታይልኝ ተመላላሽ ሠራተኛ ነበረችኝ። ከአልጋው ፊት ለፊት የልጄ ሰሌን ነበር። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ክፍል፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነበር የሚበሉት። ልጄ ከአጥሚት ወደ ድንች ስትሻገር አባቴ ከድንች ወደ አጥሚት ተሻገረ። በመካከሉ አንድ ሳምንት ያህል የሁለቱም ምግብ አንድ ዓይነት ሆኖ ነበር፤ በአንድ ድስት የተቀቀለ፣ በአንድ ሹካ የተፈጨ። ወደ ላይ የሚወጣና ወደ ታች የሚወርድ ሰው ደረጃ ላይ ሲገናኙ ቆም ብለው ሰላም እንደሚባባሉት ዓይነት ነበር።

የመጀመሪያው ጭቅጭቃችን የተነሳው በጉርሻ ነው። ልጄ አንዲት የካሮት ቁራጭ ለማንሳት ስትታገል፣ እሷ ስትይዛት ካሮቷ ስታመልጣት፣ አባቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሲያይ ቆየና አልቻለም።

«አምጫትማ፤ አንዴ ላጉርሳት።»

«አይሆንም አባዬ። ራሷ ነች የምታነሳው። ማንም አፏ ውስጥ እንዳይከት ተብሏል።»

«ማንም?»

«ማንም።»

የዘረጋውን እጁን ሰብስቦ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተው። «አንቺን እኮ እያጎረስኩ ነው ያሳደግኩሽ» አለ። እኔም ፍጥን ብዬ፣ «ታዲያ ያኔ የሚያስተምርህ ነርስ ነበር?» አልኩት። ያንን መልስ ዛሬ ከአፌ መልሼ ብወስደው ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ ነኝ፤ ምላሴ ይቀድመኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ ላጉርሳት ብሎ አልጠየቀኝም። ሌላ ነገር አመጣ። «ይሄ ድንች ምን እህል ነው? ልጅ እህል ማወቅ አለበት» ይል ጀመር። ባቄላ ይቀቀልላት፣ እኔ ልጣጩን እያወጣሁ አስለምዳታለሁ፣ አለ። ዕድሜውን እህል ቤት ውስጥ የጨረሰ ሰው ለልጅ ልጁ የሚያወርሰው ሌላ ምን አለው? ነገሩን አሰብኩበት። ባቄላ በደንብ ከበሰለ በጣት ሲጫኑት ይፈርሳል፤ ልጣጩ ከወጣ፣ ለሁለት ተከፍሎ ጠፍጠፍ ከተደረገ ሕጌን አይጥስም። እሺ አልኩ።

ገበያ ሄጄ ሁለት ኪሎ ገዛሁ። አባቴ አንዲቷን ነከሰና፣ «የከረመ ነው፤ መልሺው» አለኝ። በፀሐይ መልሼ ሄድኩ፤ ንዴቴን የባቄላዋ ነጋዴ ላይ ተወጣሁት። ሁለተኛውን ሲነክስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። «ይኼ ነው» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው የቀቀልኩት፤ ባለቤቴ ያን ሳምንት ከወንጪ አልመጣም ነበር። ለአንዲት ሁለት ጥርስ ብቻ ላላት ልጅ ብዬ ጭብጥ ባቄላ መቀቀል አላዋጣ ስላለኝ ትልቁን ድስት ጣድኩ፤ ስንዴም ጨመርኩበት፤ የተረፈውን እኔ እበላዋለሁ ብዬ። መብራት ስለሌለ ከሰሉን ደጅ አወጣሁ። እግረ መንገዴን ሳሎኑን ልጠብ ብዬ ወንበሮቹን በሙሉ ግቢ ውስጥ ደረደርኩ። ፀጉሬን ስላልተሠራሁ ጥቁር ሻሽ አስሬ ነበር። ንፍሮው ሲበስል አጠንፍፌ ትልቁ ሰፌድ ላይ ዘረጋሁትና እንዲበርድ በር ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ልጄ ስላለቀሰች ወደ ውስጥ ገባሁ።

ጎረቤቴ፣ ከአጥራችን ወዲያ ያሉት ሴትዮ፣ በዚያ ሰዓት በአጥሩ አሻግረው አይተዋል። ወንበር ተደርድሯል። ንፍሮ ሰፌድ ሙሉ ቀርቧል። እኔ ጥቁር ሻሽ አስሬ ጎንበስ ቀና ስል ታይቻለሁ። በሽተኛ እንዳለብን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ምን ይበሉ?

«ያ አባ ኮ!» የሚለው ጩኸት ነው ያስበረገገኝ። አባቴን ነበር የሚያለቅሱት፤ በኦሮምኛ «አባቴ!» እያሉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ደረታቸውን እየደቁ በበሩ ገቡ፤ ከኋላቸው ሁለት ሴቶች፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ጋቢውን እያጣፋ አንድ ሽማግሌ። ልጄን ታቅፌ በሩ ላይ ቆምኩ። ያን ያህል ቀን የፈራሁት ለቅሶ ሳልጠራው መጥቶ ግቢዬ ውስጥ ቆሟል።

ያኔ ከውስጥ ከአልጋው የአባቴ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የሰለለ።

«ጂራ!»

እኛ ዘንድ ሰው ሲገናኝ በኦሮምኛ «ጂርታ?» ይባባላል፤ አለህ ወይ ማለት ነው። «ጂራ» ነው መልሱ፤ አለሁ። በቀን ስንት ጊዜ እንደምንለው አይቆጠርም። ያን ቀን ግን ቃሉ የሚለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ጎረቤቴ እዚያው ግቢው ውስጥ በጉልበታቸው ተቀመጡ። ሳቁ፤ እየሳቁ እንባቸው ይወርድ ነበር። አባቴ አስጠራቸው። ገብተው እጁን ሲስሙ፣ «ጎበዝ ነሽ፤ ጥሩ ታለቅሻለሽ። ለቀኑም እንደዚሁ አደራ» አላቸው። «ኧረ ኦቦ፣ ምነው እንዲህ ይላሉ!» እያሉ እንደገና አለቀሱ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም።

ሰዎቹ ከመጡ አይቀር ተቀመጡ። ወንበሩ ተደርድሮ ጠብቋቸዋል። ሰፌዱ ዞረ። አባቴ በሕይወት እያለ፣ በእኔ ቤት፣ እንግዶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ንፍሮ ሲቆረጥሙ ሳይ የሆነ ነገር ወደ ራሴ ወጣ። ሰፌዱን ከመካከላቸው አነሳሁትና ወደ ጓሮ ይዤው ሄድኩ፤ በአጥሩ አሻግሬ ለሴትዮዋ በጎች ደፋሁት።

ስመለስ አባቴ፣ «ለልጅቷ እኮ ነው የተቀቀለው» አለ።

«ሟርት ነው። ሌላ ነገር ትበላለች።»

«እኔ አንድ እንኳን አልላጥኩላትም።»

«ሟርት ነው አልኩህ አባዬ፣ ተወኝ!»

እሱም ተወኝ። የተፃፈ እንጂ የሟርት ነገር የማልሰማ ሰው፣ ያን ቀን ከንፍሮ ሸሸሁ። የቀረውን ባቄላ በፌስታሉ ቋጥሬ ጓዳ ውስጥ ከዱቄቱ ኋላ ወሸቅኩት። ባቄላ ካልተቀቀለ ሞት የማይመጣ መስሎኝ ነበር፤ ሌላ ማመካኛ የለኝም።

ከዚያ ወዲያ አራት ሳምንት ድንች፣ ካሮት፣ ሙዝ ሆነ። አባቴ በመካከል ሁለት ጊዜ፣ «ባቄላዋስ?» ብሎ ጠይቆኛል። ሁለቱንም ጊዜ «አለቀች» አልኩት። ስንት ገዝቼ ስንቱን እንደቀቀልኩ በዓይኑ መዝኖ የሚያውቅ ሰው ነው። «አሃ» አለ።

ጎረቤቴ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አንድ ልማድ አመጡ። ጠዋት ጠዋት ወተት ሊያደርሱ ሲወጡ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ «ጂርቱ?» ይሉታል፤ በአክብሮት። እሱም ከውስጥ «ጂራ» ይላቸዋል። ሳቃቸው እየራቀ ይሄዳል። ልጄ ሰሌኗ ላይ ሆና በየቀኑ አንገቷን ወደ መስኮቱ ቀና ታደርግ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የአባቴ ድምፅ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። በሦስተኛው መስኮቱ ድረስ አይሰማም ነበር፤ እኔ ተቀብዬ አስተጋባለት ጀመር። በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሴትዮዋ «ጂርቱ?» ሲሉ እኔ ጓዳ ነበርኩ። ከዚያ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብቅ ስል አባቴ በውሃ መጠጫ ኩባያው የመስኮቱን መስታወት እየመታ ነበር።

በዚያው ዕለት ባቄላውን ከዱቄቱ ኋላ አውጥቼ ዘፈዘፍኩት።

በማግሥቱ ቢሮ አልገባሁም። በትንሿ ድስት፣ ጓዳ ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ ቀቀልኩ፤ እንደ ሌባ። በሰሃን ሳቀርብለት ባቄላዋን አየ፣ እኔን አየኝ። ያለቀችው ባቄላ ከየት መጣች ብሎ አልጠየቀኝም። አንዲቷን አንስቶ ነከሰ፣ አላመጣት። መዋጥ እንደማይችል እናውቃለን፤ አላምጦ ኩባያው ውስጥ ተፋት።

«ጨው የለውም» አለ በሹክሹክታ።

«ዓመት ሳይሞላት አይሰጣትም።»

«እሺ» አለ።

ለእሱ ለብቻው ቆንጠር አድርጌ ልነሰንስለት እችል ነበር። ጨው አጠገቤ፣ ጓዳ ውስጥ ነበር። ሊውጠው ባይችልም በምላሱ ያገኘው ነበር። ያኔ አልታሰበኝም። ሕጉ የልጄ እንጂ የእሱ አለመሆኑ፣ ዓመት እስኪሞላው የሚጠብቀው ነገር እንደሌለ አልታሰበኝም።

«መዳፌ ላይ አድርጌ ልያዝላት፣ እሷ ታንሳ። ሕግሽ ይከበራል?» አለኝ።

«ይከበራል።»

ባቄላዋን ጥቁር ነጥቧ ባለበት በኩል በአውራ ጣቱ ጥፍር ነካ አድርጎ ጫን ሲላት ከልጣጯ ሹልክ ብላ ትወጣለች። ለሁለት ይከፍላታል። እያንዳንዷን በሁለት ጣቱ መካከል ጠፍጠፍ አድርጎ መዳፉ ላይ ያስቀምጣል። ልጄ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ቆማ ታነሳለች። መጀመሪያ በሙሉ እጇ ትጨፈልቀው ነበር። በሦስተኛው ቀን በሁለት ጣቷ ለቀም አደረገች፤ እሱ በሚይዝበት አያያዝ ማለት ነው። ያን ጊዜ አባቴ ቀና ብሎ ያየኝ አስተያየት፣ ጊንጪ እህል ቤት ጥሩ ስንዴ የገባ ዕለት የሚያይበት ዓይነት ነበር።

የተላጠው ሲያልቅ ልጄ ሰሌኗ ላይ ካለው ሰሃን ያልተላጠች አንድ ባቄላ ታነሳለች። በጭብጧ ይዛ እየዳኸች አልጋው ጋ ትደርሳለች፣ ተንጠልጥላ ትቆማለች፣ ባቄላዋን ወደ ላይ ትዘረጋለታለች። እሱ ይልጣል፤ ትበላለች፤ ትመለሳለች። በእኔ በኩል ሞክሬ ነበር፤ እኔ የላጥኩላትን አትወስድም። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ አደረጉ።

ከአሥራ አንዱ በአንዱ ቀን ውሃ ይዤ ስገባ ከበሩ ላይ አየኋቸው። ልጄ አፏን ከፍታ ቆማለች። አባቴ የላጣትን ባቄላ በሦስት ጣቱ ይዞ ምላሷ ላይ አስቀመጠላት። ወደ በሩ ሰረቅ አድርጎ ሊያይ ሲል ወደ ኋላ ተመለስኩ። ኮሪደሩ ውስጥ ቆሜ ሳልኩ፤ ትንሽ ጠብቄ ገባሁ። መዳፉ ተዘርግቶ ጠበቀኝ፤ እሷም ከመዳፉ ስታነሳ። በዚያ ሰሞን ካደረግሁት ሁሉ የማልጸጸትበት ያ ሳል ብቻ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ጎረቤቴ «ጂርቱ?» አሉ። ኩባያው አልተመታም። እንደገና አሉ። እኔ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ እጁን ይዤ ነበር። ሴትዮዋ ቀስ ብለው በሩን ከፍተው ገቡ። ያን ቅዳሜ ሰፈሩን በጩኸት ያናወጡት ሰው፣ አደራ የተሰጣቸው ሰው፣ ጥግ ይዘው ተቀመጡና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አራት ሳምንት ሙሉ አለቀች ብዬ የዋሸሁት፣ የነፈግኩት ጊዜ ያን ጊዜ መጣብኝ። ከአርባው ቀን የሰጠሁት አሥራ አንዱን ብቻ ነበር። መጮህ የጀመርኩት እኔ ነኝ።

የዕድሩ ሴቶች ንፍሮውን በሁለት በርሜል ቀቀሉት፤ ጨውን በጭብጥ በጭብጥ እየበተኑ። ወንበሮቹ ያን ቅዳሜ እኔ በደረደርኩበት ቦታ ተደረደሩ። እንደ እንጨት ደርቄ ተቀመጥኩ፤ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፣ እግዜር ያጥናሽ አለኝ።

በሁለተኛው ቀን ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ ከእኔ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጄን እየተቀባበሉ ይዘዋታል። የንፍሮው ሰሃን ሲዞር ዓይኗ አብሮት ዞረ። በዚያ ቤት ውስጥ ንፍሮ ሲያይ የሚደሰት ሰው እሷ ብቻ ነበረች። አንዷ ሴት ሳታስብ አንዲት ባቄላ ሰጠቻት። ልጄ ባቄላዋን አገላብጣ አየቻት። ያልተላጠች ናት። በጭብጧ ይዛ ከሴትዮዋ ጉያ ወረደች፤ በሴቶቹ እግር መካከል እየዳኸች ወደ መስኮቱ ሄደች።

አልጋው ተነስቷል። የእሱን ፍራሽ ደጅ አውጥተውታል። ልጄ የምትይዘው ጠርዝ ስላጣች ግድግዳውን ይዛ ተነሳች፣ ባቄላዋን ወደ ላይ ዘረጋች፣ ጠበቀች። እሷ ክንዷ ሲደክማት በሌላኛው እጇ ቀይራ እንደገና ዘረጋች።

ተነስቼ ሄድኩ። አጠገቧ ተንበረከክኩና ባቄላዋን ከጣቷ ተቀበልኳት። በጥቁሯ በኩል በአውራ ጣቴ ጥፍር ነካ አድርጌ ጫን አልኳት፤ ወጣች። ለሁለት ከፈልኳት፣ ጠፍጠፍ አደረግኳት፣ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩላት። ልጄ መዳፌን አየችው። አላነሳችም። አፏን ከፈተች።

ሰፊ አድርጋ ነው የከፈተችው፤ እንደለመደ ሰው። አባቴ ያጎረሳት አንድ ቀን ብቻ አልነበረም ለካ። ውሃ ልቀዳ፣ ልብስ ላሰጣ፣ ቢሮ ስውል፣ ጀርባዬን ባዞርኩ ቁጥር ነበር።

በሦስት ጣቴ ይዤ አጎረስኳት። ጨው ነበረው። ፊቷን ጨመደደች፣ ቆም አለች፣ ምላሷን አወጣችና እኔን አየችኝ። ከዚያ ዋጠችውና እንደገና አፏን ከፈተች። ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ይቀራት ነበር።